ለጭንቀት የሚዋጡ የዕፅዋት እንክብሎች፦ ማስረጃው ምን ይላል?



የዕፅዋት እንክብል ለጭንቀት ይረዳ እንደሆነ ያልተጠየቀ ሐኪም ከመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ከቫይታሚኑ ጋር አንድ ሁለት ጠርሙስ አይጠፋም። «ቅጠል ነው እኮ፣ ምን ያደርጋል?» ይባላል።

ባዶ ወሬ ነው ብሎ ማጣጣልም ልክ አይደለም። በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ 57 ታካሚዎች ለ8 ሳምንት ካሞሚል ወይም ፕላሴቦ ወስደው፣ የካሞሚሎቹ ጭንቀት በመጠኑ የበለጠ ቀንሷል። ከ500 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የ2014 ጥናት ደግሞ የላቬንደር ዘይት እንክብል ከፕላሴቦ መብለጡን አሳይቷል። ጥሩ ነው፤ የአምራቹ ኩባንያ እጅ እንዳለበት ግን እያስታወስን እናንብበው። ካቫስ? የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ጥናቶች ተስፋ ሰጥተው ነበር። በ2020 የታተመው የአውስትራሊያ የ16 ሳምንት ጥናት ግን ከፕላሴቦ አልበለጠም፤ የጉበት ምርመራ መዛባትም በካቫ ወሳጆቹ ላይ በዝቶ ታየ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሴንት ጆንስ ወርት ነው። ለጭንቀት ያለው ማስረጃ ደካማ ነው፤ የተሻለ የተጠናው ለድባቴ ነው። ችግሩ ጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብሩትን ኢንዛይሞች ማነቃቃቱ ነው። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን፣ ዋርፋሪን፣ ኩላሊት የተተከለለት ሰው የሚወስደው ሳይክሎስፖሪን፣ ዶሉቴግራቪር ሳይቀር በደም ውስጥ መጠናቸው ይወርዳል። እስቲ አስቡት፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒቷን አንድ ቀን ሳታዛንፍ የምትወስድ ሴት ቫይረሱ ጨምሮ ሲገኝ «እየዘለልሽ ነው አይደል?» ብለን እንቆጣታለን። እሷ ግን አልዘለለችም። እህቷ የላከችላትን እንክብል አልነገረችንም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

«ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ማለት አይበቃም። መልሱ «የለም» ነው፤ ቅጠል መድኃኒት ተብሎ አይቆጠርማ! እኔ «ሻይም ይሁን እንክብል፣ ከውጭ የተላከም ይሁን ከገበያ የተገዛ፣ ንገሪኝ፤ አልቆጣም» እላለሁ። ጠርሙሱንም በሚቀጥለው ቀጠሮ አስመጣለሁ፤ ከላዩ የተጻፈው ከሚነገረኝ ስም ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

መምህሮቻችን፣ እናንተን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ተማሪዎቹ የሕመም ታሪክ ሲወስዱ ይህን ጥያቄ ከመድኃኒቱ ለይተው፣ ለብቻው እንዲጠይቁ አድርጉልን።