የዕለት ተመላላሽ ሞተር ብስክሌት ጎማ አመራረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በስብሰባዎቻችን ላይ ስለ ጎማ በተነገረ ቁጥር የሚነገረው ስለ ከባድ መኪና ጎማ ነው። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ አብዛኞቻችን ሙያውን የተማርነው በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። የአንድ ከባድ መኪና ጎማ ዋጋ ለመሥሪያ ቤት በጀት የሚሰማ ስለሆነም ኮሚቴ ተቋቁሞለት፣ ዝርዝር መግለጫ ተጽፎለት ይገዛል። የሞተር ብስክሌት ጎማ ግን «ልዩ ልዩ ዕቃዎች» በሚል አርእስት ሥር፣ ከሳሙናና ከመጥረጊያ ጋር በአንድ የግዢ መጠየቂያ ላይ ሰፍሮ ይገኛል። መጠኑ ይጻፋል፤ ብዛቱ ይጻፋል፤ ሌላ ነገር አይጻፍም። ከዚያም ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበ ነጋዴ ያሸንፋል። በዚያ ጎማ ላይ ሆኖ በየማለዳው ወደ ሥራው የሚሄደው ሰው፣ መልእክት አድራሹ፣ ቆጣሪ አንባቢው፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያው፣ ስለ ምርጫው የሚጠየቅበት ጊዜ የለም። ዛሬ ልናገር የመጣሁት ስለዚያ ጎማ ነው።

በመጀመሪያ፣ ከመኪና ያገኘነው እውቀት በሞተር ብስክሌት ላይ ብዙ ጊዜ እንደሚያሳስተን መገንዘብ ያስፈልጋል። የመኪና ጎማ መሬት የሚነካበት ገጽ ጠፍጣፋ ነው፤ መኪናውም ሲታጠፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሞተር ብስክሌት ግን የሚታጠፈው ወደ ጎን በመጋደም ስለሆነ የጎማው ገጽ ክብ ሆኖ ይሠራል። መንገዱን የሚነካው የእያንዳንዱ ጎማ ክፍል ከአንድ ሰው መዳፍ ስፋት ብዙም አይበልጥም። መኪና አንዱ ጎማው ቢከዳው ሦስት ይቀሩታል፤ ሞተረኛው የፊት ጎማው ከከዳው ሚዛኑን የሚመልስበት ጊዜ እንኳ አያገኝም። ስለዚህ «ሰፋ ያለ ጎማ ይሻላል» የሚለው የመኪና ሰዎች አባባል እዚህ አይሠራም፤ ከቸርኬው ልክ በላይ የሰፋ ጎማ ጎንና ጎኑ ተጨብጦ ክብ ቅርጹ ይበላሽና ሞተሩ ወደ መታጠፊያው ሲገባ ይከብዳል፤ ገብቶም አይረጋም። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ማዘዋወርም አይቻልም፤ በአብዛኛው መጠናቸው ይለያያል፣ የተሠሩበትም ተግባር የተለያየ ነው። የታደሰ ጎማ በጭነት መኪና የኋላ እግር ላይ ተገቢ ቦታ አለው፤ በሞተር ብስክሌት ላይ ግን በጭራሽ ሊታሰብ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ጎማ የሚመረጠው በምን መለኪያ ነው? በየሱቁም ሆነ በየግዢ ክፍሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «የሚበረክተው» ይባላል። እኔ የምከራከረው ይህንን መልስ ነው። ረጅም ዕድሜ የሚገኘው የላስቲኩን ቅይጥ በማጠንከር ነው። ጠንካራ ላስቲክ በመንገዱ ገጽ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ጉርብጥብጦች ሰርጎ አይይዝም፤ በተለይም መንገዱ እርጥብ በሆነ ጊዜ ይንሸራተታል። በመሠረቱ የምንገዛው ኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም፤ ፍሬን ሲያዝ የሚቆምበትንም ሜትር አብረን እንገዛለን።

ይህንን በስሌት እንየው። አንድ ሞተረኛ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በመጓዝ ላይ ሳለ ከፊቱ ታክሲ ድንገት ቆመበት እንበል። ለስሌቱ ያህል መንገዱን ደህና አድርጎ የሚይዘው ጎማ የፍትጊያ ተመኑ 0.7፣ የደረቀውና የጠነከረው ደግሞ 0.5 ይሁን። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ የመጀመሪያው በ20 ሜትር ገደማ ይቆማል፤ ሁለተኛው 28 ሜትር ይፈልጋል። ስምንት ሜትር ትንሽ ትመስላለች። ነገር ግን የመጀመሪያው በቆመበት ነጥብ ላይ ሁለተኛው ገና በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ከታክሲው የኋላ በር ጋር የሚገናኘው በዚያ ፍጥነት ነው። የሰውዬው ክብደትም ሆነ የማሽከርከር ችሎታው በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም፤ ልዩነቱን ያመጣው ላስቲኩ ብቻ ነው።

የዚህ ደኅንነት ዋጋ ስንት ነው? በቀን 30 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን የሚመላለስ ሰው በዓመት 9,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አንዱ ጎማ 12,000፣ ሌላው 18,000 ኪሎ ሜትር የሚያገለግል ቢሆን በአራት ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያው ሦስት፣ ከሁለተኛው ሁለት ይፈጃል። ልዩነቱ በአራት ዓመት አንድ ጎማ ነው። ይህንን ቁጥር ለግዢ ክፍል ኃላፊዎች በግልጽ ብናሳያቸው እምቢ የሚል ይኖራል ብዬ አልገምትም፤ እስካሁን ያላሳየናቸው እኛው ነን።

ይህን ስል ግን ለስላሳ የሆነው ሁሉ ለዕለት ሥራ ይበጃል ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ለእሽቅድምድም የተሠራ ወይም የዚያን መልክ ይዞ የተሠራ ጎማ የሚይዘው ሲሞቅ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ የአዲስ አበባ አየር ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ በየመብራቱ የሚቆም ሞተር ግማሽ ሰዓት ቢሄድም እንዲህ ያለውን ጎማ አያሞቀውም። ባለቤቱ ለማያገኘው ጥቅም ከፍሎ፣ በቶሎ የሚያልቅ ጎማ ይዞ ይቀራል። ለተመላላሽ የሚበጀው በቀዝቃዛነቱም ሳለ የሚይዝ፣ በቅይጡ ውስጥ ከካርቦን ጥላሸት ጋር ሲሊካ የገባበት፣ በአምራቹም ለከተማና ለእርጥብ መንገድ ተብሎ የተዘጋጀ መካከለኛ ጎማ ነው። ሲሊካ በመኪና ጎማ ላይ በሰፊው መግባት የጀመረው ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ ሲሆን፣ እርጥብ መንገድ ላይ ያለው ጥቅም በሞተር ብስክሌት ጎማም ላይ የታየ ነው።

ስለ ጥርስ ቅርጽ የሚደረገው ክርክር ከሚገባው በላይ የረዘመ ይመስለኛል። ጠባብና ክብ የሆነ የሞተር ብስክሌት ጎማ በከተማ ፍጥነት ውኃውን እንደ መኪና ጎማ አይንሳፈፍበትም፤ ሰንጥቆት ያልፋል። ሞተረኛውን የሚጥለው የውኃው ብዛት ሳይሆን የመጀመሪያው ካፊያ ነው። ከበጋው ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብ በአስፋልቱ ላይ የተጠራቀመውን ዘይትና አቧራ ሳያጥብ ያርሰዋል፤ መንገዱ በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደ ሳሙና ይሆናል። ነጭ የእግረኛ መሻገሪያ ቀለም፣ የጉድጓድ ብረት ክዳን፣ በመኪና ብዛት እንደ ሊሾ ወለል የለሰለሰ ኮብልስቶን፣ እነዚህ ሁሉ ከጥርሱ ጥልቀት ይልቅ የላስቲኩን ጥራት የሚፈትኑ ናቸው። ይህም ማለት ጥርሱ አያስፈልግም ማለት አይደለም። በብሪታንያ ሕግ የሞተር ብስክሌት ጎማ ጥርስ ከ1 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም፤ በእኔ አስተያየት ክረምት በገባ ጊዜ 2 ሚሊ ሜትር የደረሰ ጎማ መቀየር አለበት።

የጭቃ ጎማ ጉዳይ ግን ረዘም ያለ ሐሳብ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም በአገራችን እውነተኛ ችግር ስላለ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ የሚሠራ ባለሙያ 20 ኪሎ ሜትር አስፋልት ተጉዞ የመጨረሻዎቹን 3 ኪሎ ሜትር በጥቁር አፈር ጭቃ ውስጥ ይገባል። ይህ ሰው ትልልቅና የተራራቁ ጥርሶች ያሉትን ጎማ ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ ጭቃው በየቀኑ ስለሚይዘው የሚያስታውሰው ጭቃውን ነው። ሆኖም ያ ጎማ አስፋልት ላይ መሬት የሚነካው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ነው፤ ጥርሶቹም ፍሬን ሲያዝ ይተጣጠፋሉ። በጭቃ ውስጥ የሚወድቅ ሰው በእግር እርምጃ ፍጥነት ይወድቃል፤ ልብሱን ያጥባል። በአስፋልት ላይ የሚወድቅ ሰው ሲኖትራክ ፊት ይወድቃል። ስለዚህ መንገዱ በአብዛኛው አስፋልትና ኮረኮንች ከሆነ ጥርሶቹ የተቀራረቡ ቅይጥ አገልግሎት ጎማ ይምረጥ፤ ለዚያች ለሦስት ኪሎ ሜትር ትዕግሥት ይጨምርበት። ክረምቱን ሙሉ አስፋልት የማይረግጥ ባልደረባ ካለ ግን የጭቃ ጎማውን ያለ ሐሳብ ይግጠም፤ ምክሬ እርሱን አይመለከትም።

ገንዘብ ለአንድ ጥሩ ጎማ ብቻ ከበቃ የፊቱ ይቅደም። ልማዱ የተገላቢጦሽ ነው፤ የኋላው ቶሎ ስለሚያልቅ ዓይን የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው፤ የፊቱ ጥርሱ እየታየ ስድስትና ሰባት ዓመት ይቀመጣል። ነገር ግን ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሸሻልና ከማቆሙ ሥራ የሚበዛውን የሚሠራው የፊት ጎማ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ደህና ጎማ አይደለም። ላስቲክ በፀሐይ፣ በሙቀትና በአየር ኃይል ይደርቃል፤ በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ጎማ ቸርኬ ላይ ሳይወጣ ያረጃል።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ጎማዎች አስቀምጫለሁ። በጎናቸው ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ያህል የመጀመሪያውን እንመልከት። 3.00-17 50ፒ ይላል። ስፋቱ 3 ኢንች፣ የቸርኬው ዲያሜትር 17 ኢንች ነው። 50 የጭነት መለያ ቁጥር ሲሆን ትርጉሙ 190 ኪሎ ግራም ነው፤ «ፒ» ደግሞ በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ፍጥነቱ ለእኛ ከበቂ በላይ ነው፤ ጭነቱ ግን አይደለም። 120 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር፣ 75 ኪሎ አሽከርካሪ፣ 70 ኪሎ ተሳፋሪና 20 ኪሎ ዕቃ ቢደመሩ 285 ይሆናሉ፤ ከዚህ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው በኋላ ጎማ ላይ ያርፋል። ያ ማለት ጎማው ከችሎታው ጫፍ ላይ ደርሷል ማለት ነው። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ለእናንተ መናገር አያስፈልገኝም። ከባድ ባትሪ ያላቸው የኤሌክትሪክ ሞተሮች ሲመጡም መጀመሪያ መታየት ያለበት ይኸው ቁጥር ነው።

ቀጥሎ «ዲ.ኦ.ቲ.» ከሚለው መስመር መጨረሻ አራት አኃዞች ይገኛሉ። 3523 ቢል በ2023 እ.ኤ.አ. 35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር 2015 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ይሆናል። ይህንን ልዩነት ልብ ያላለ ዕቃ ተረካቢ ያረጀውን ጎማ አዲስ ነው ብሎ ሊፈርምበት ይችላል። በጎማው ጎን ላይ ያለው ቀስት የመዞሪያውን አቅጣጫ ያሳያል፤ ጎሚስታው ሲገጥም አጠገቡ ቆሞ ማየት ጥሩ ነው። ባለ ሽቦ ቸርኬ በአብዛኛው ከመነዳሪ ይፈልጋል፤ ጎማ በተቀየረ ቁጥር ከመነዳሪውም አብሮ ይቀየር፤ የተለጠጠና ሦስት ቦታ የተለጠፈ ከመነዳሪ በአዲስ ጎማ ውስጥ መክተት ቁጠባ አይደለም። ቸርኬው ያለ ከመነዳሪ እንዲሠራ የተዘጋጀ ከሆነ ግን ያንኑ ይዞ መቆየት ይሻላል፤ ምስማር ሲወጋው ነፋሱ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ሞተረኛው ዳር ለመያዝ ጊዜ ያገኛል።

ስለ ነፋስ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ። በ1887 እ.ኤ.አ. በቤልፋስት የእንስሳት ሐኪም የነበረው ጆን ቦይድ ደንሎፕ ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት የነፋስ ጎማ በሠራ ጊዜ የተገለጠው ነገር ጭነቱን የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን ነፋሱ መሆኑ ነው። በብዙ አነስተኛ ሞተሮች መመሪያ ላይ ለፊት 25፣ ለኋላ 28 ፒ.ኤስ.አይ. ገደማ ይጠየቃል፤ ተሳፋሪ ሲኖር የኋላው ይጨምራል። ይህ የሚለካው ማለዳ ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ በአውራ ጣት በመጫን ወይም በእግር በመምታት የሚታወቅ ነገር አይደለም። በጥንቃቄ የተመረጠ ጎማ ነፋሱ አንሶ ቢነዳ ርካሹ ጎማ በትክክለኛ ነፋስ ይበልጠዋል።

በመጨረሻም ወደ ግዢ መጠየቂያው ልመለስ። በየመሥሪያ ቤቱ የጨረታ ዝርዝር የምትጽፉ አባላት አላችሁ። መጠኑን ከጻፋችሁ በኋላ የጭነት መለያ ቁጥሩንና የፍጥነት ምልክቱን ጨምሩ፤ የፊትና የኋላ ጎማ በተለያየ ተራ ቁጥር ይጠየቅ፤ ለእርጥብ የከተማ መንገድ የተዘጋጀ መሆኑን የሚያስረዳ የአምራች ጽሑፍ ይቅረብ፤ በርክክብ ቀን የተሠራበት ጊዜ ከ12 ወር ያልበለጠ ይሁን፤ ከመነዳሪውም አብሮ ይጠየቅ። ይህ ሁሉ ከአምስት መስመር አይበልጥም። ርክክቡም ላይ ከንብረት ክፍሉ ሰው ጋር አንድ ቴክኒሻን ይገኝና አራቱን አኃዝ ያንብብ። ጎማው ከተገጠመ በኋላ ለሞተረኛው ሊነገረው የሚገባው ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ እንዲነዳ ነው፤ አዲስ ላስቲክ ገጹ እስኪፋቅ ድረስ ያንሸራትታል።

በጠረጴዛው ላይ ካሉት ሦስት ጎማዎች አንደኛው ገና ከነመጠቅለያው ነው፤ የተገዛውም እንደ አዲስ ነው። ከውይይቱ በፊት ቀረብ ብላችሁ የተሠራበትን ቀን አንብቡና ጥያቄያችሁን ከዚያ እንጀምር።