ሳይቃጠል በቅጠል፦ ስለ ሆስፒታል ኢንፌክሽን ጥቂት ቃል



አዘጋጆቹ «አደራ፣ አጭር ይሁን» ስላሉኝ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምሠራው የካንሰር ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል ነው። በኬሞቴራፒ ምክንያት ኒውትሮፊሉ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ500 በታች የወረደ ሰው ኢንፌክሽን ይዞት እንኳ መግል ላይቋጥር፣ ቁስሉም ላያብጥ ይችላል። ብዙ ጊዜ የምናገኘው ምልክት ትኩሳት ብቻ ነው። ስለዚህ ለካልቸር ደም ወስደን በ1 ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ እንጀምራለን።

ታዲያ የጀመርነው መድኃኒት ባይሠራስ? ክሌብሲየላ፣ አሲኔቶባክተርና ሱዶሞናስ ዛሬ ሜሮፔነምን ጭምር የሚቋቋሙ ሆነው ይገኛሉ። የሌላው ሰው ሰውነት መድኃኒቱ እስኪቀየር ራሱ ይታገላል፤ የእኛ ሕመምተኛ ግን ያ ጊዜ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን በቀጥታ እንደገደሉ ተገምቷል።

እንግዲህ ያለን አማራጭ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ጀርሙ ከአልጋ ወደ አልጋ በእግሩ አይሄድም እኮ! የሚወስደው የእኛ እጅ፣ የደረት ማዳመጫችን፣ ሳያስፈልግ የቆየ ካኑላና የሽንት ካቴተር ነው። ሴመልዌይስ እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ላይ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ሲያደርግ የወላዶች ሞት በግልጽ ቀንሷል። የእጅ ማጽጃ አልኮሉንም ቢሆን በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር፣ ከኢታኖል፣ ከግሊሰሪንና ከሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የሆስፒታል ፋርማሲ ራሱ ሊያዘጋጀው ይችላል።

በአገራችን ደግሞ ሕመምተኛ ብቻውን አይተኛም። እናት ወይም እህት አጠገቡ ሆና ታጎርሳለች፣ ታገላብጣለች፣ የጎረቤቱንም አልጋ ታግዛለች። ይህን ደግነት መከልከል አይገባም፤ ማስተማር ነው ያለብን። እኔ አስታማሚዎችን በገቡበት ቀን ቁጭ አድርጌ አስረዳለሁ። ሳምንት ሳይሞላ «ዶክተር፣ እጅዎን ታጥበዋል?» የሚሉኝ እናቶች አሉ። ደስ ይለኛል፤ ታጥቤም ቢሆን እንደገና እታጠባለሁ።

መምህሮቻችን፣ የእጅ ንጽሕናን በፈተና ብቻ ሳይሆን በራውንድ ላይ አሳዩልን፤ ተማሪ ከሚሰማው ይልቅ የሚያየውን ይይዛል። በውጭ አገር ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ «ምን እንላክ?» ስትሉ ሁልጊዜ ትልቅ ማሽን አታስቡ። የደም ካልቸር ጠርሙስ እንዳይቋረጥ፣ የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪው ቅዳሜና እሁድም እንዲሠራ አግዙን። ውጤት ከሌለ በግምት እናክማለን፤ በግምት የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ደግሞ መላመዱን ያባብሳል።

ማኅበራችን ዘንድሮ አንድ ነገር ብቻ ይሥራ ብትሉኝ፣ ይህን እመርጣለሁ።