ቦናያ፦ ሦስት አውሮፕላን የተቃጠለበት ሜዳ



የዛሬው ዲስኩሬ ወለጋ ውስጥ፣ ነቀምቴ አጠገብ ስላለ ቦናያ ስለሚባል የጦርነት ዘመን አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከእኛ ከከፋ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትንሽ ታገሡኝ።

ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ምዕራቡ ገና በእጁ አልገባም ነበር። ልዑል ራስ እምሩ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው ጎሬ ተቀምጠዋል። ክረምቱም ገብቷል፤ መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙላት። ጠላት በእግር ያልደረሰበትን በሰማይ ሊደርስበት አሰበና ሰኔ 19 ቀን ሦስት አውሮፕላኖች ቦናያ ላይ አሳረፈ። የወለጋውን ገዥ ደጃዝማች ሀብተ ማርያምን አግባብቶ አገሩን ያለ ውጊያ ለመረከብ ነበር።

የተላኩት ተራ ሰዎች አልነበሩም። የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮ አብሮ መጥቷል። ሎካቴሊም አለ። ይህ ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቪየና ላይ ወረቀት ከበተኑት አብራሪዎች አንዱ ነው፤ በ1916 ዓ.ም. አትላንቲክን ሊያቋርጥ ተነሥቶ ግሪንላንድ አጠገብ ባሕር ላይ ቢወርድ፣ የአሜሪካ የጦር መርከብ አንሥቶ አተረፈው። ቦናያ ላይ ግን የሚያነሣው አልተገኘም።

ለሰኔ 20 አጥቢያ ሌሊት የጥቁር አንበሳ ማኅበር አርበኞች ሜዳውን ከበቡ። አብዛኞቹ የስዊድን መኮንኖች ያስተምሩበት ከነበረው ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ናቸው፤ ሌተና ኮሎኔል በላይ ኃይለአብና ክፍሌ ነሲቡ ከመሪዎቻቸው ናቸው። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ። ከመጡት ጣሊያኖች በሕይወት የተረፉት ሚስዮናዊው አባ ቦሬሎ ብቻ ናቸው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ደግሞ፣ ልብ በሉልኝ፣ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ፤ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ። ማኅበሩ ዐሥር አንቀጽ ያለው ደንብ ነበረው፤ ወታደሩ ለፖለቲካው አመራር እንዲታዘዝ፣ ገበሬም እንዳይበደል ያዝዛል። እኔ ከተቃጠሉት አውሮፕላኖች ይልቅ ይህ ደንብ ይበልጥብኛል። ያ ሌሊት የጣሊያንን ግስጋሴ ለጥቂት ወራት አዘገየ እንጂ አላስቀረውም።

አሁን ወደ ከፋ ልመለስ። ራስ እምሩ ከጥቁር አንበሳ ጋር ወደ አዲስ አበባ ለመገስገስ ሞክረው ሳይሳካ ቀረ፤ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ ጎጀብ ወንዝ ላይ ተከበቡ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡ። እኛ ከቦንጋ ወደ ጅማ ስንሄድ በመኪና የምንሻገረው ይኸው ጎጀብ ነው። ራስ እምሩ ፖንዛ ደሴት ላይ ታሰሩ፤ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረደው ሙሶሊኒም እዚያችው ደሴት ላይ ታሰረ። በላይና ክፍሌ ግን ያን አላዩም፤ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ተረሽነዋል።

ቦናያ በመጻሕፍት ተጽፏል። የጎጀቡ ጉዞ ግን በየትኛው መንደር እንዳለፈ፣ ማን እንዳበላ፣ ማን እንደመራ የሚናገሩት የዚህ አገር አረጋውያን ናቸው። ተማሪዎች ሆይ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።