ወጣቱ መራጭና የቆየው ፓርቲ፤ ከጁባ የሚገኝ ትምህርት



«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው። ተረቱ እውነት አለው፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ይኸውም ልጁ ማቡካትን የሚማረው መቼ ነው የሚለው ነው። ሊጥ ሳይነካ ያደገ ልጅ፥ እናቲቱ በደከመች ቀን ቤቱን ጦሙን ያሳድረዋል። የዛሬው ንግግር ይህን ነገር ከጓዳ አውጥቶ ወደ መንግሥት ጉዳይ ይወስደዋል። ቁጥሩ የበዛ፥ ብሶትም ያደረበት ወጣት መራጭ፥ በሥልጣን ላይ የቆየን ፓርቲ እንዴት አድርጎ ሊለውጠው ይችላል? ለውጡስ ለልማት ይሆናል ወይስ ለጥፋት? ለዚህ ምሳሌው ሩቅ ሳይኬድ በጎረቤት አገር፥ በነጭ ዓባይ ዳር በተቆረቆረችው በጁባ ከተማ ይገኛል። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደቡብ ሱዳንን የመራው የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ንቅናቄ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በ1983 በግንቦት ወር በቦር ከተማ የነበረው ጦር ባመፀ ጊዜ፥ ዓማፅያኑ ተሻግረው የተደራጁት በጋምቤላ በኩል ነው። መሪያቸው ዶክተር ጆን ጋራንግ በዚያን ጊዜ አርባ ዓመት አልሞላቸውም ነበር፤ በኋላ የእርሳቸውን ቦታ የወረሱት ሳልቫ ኪርም ሠላሳ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው መኮንን ነበሩ። በኢታንግ፥ በፒኙዶና በዲማ መጠለያዎች ደግሞ ከየመንደራቸው በእግር የመጡ ብዙ ሺሕ ሕፃናት ተሰበሰቡ። ንቅናቄው እነዚህን ልጆች «ቀይ ጦር» ብሎ ጠራቸው፤ በአንድ ወገን ፊደል፥ በሌላ ወገን የወታደር ሥርዓት እየተማሩ አደጉ። በ1991 የኢትዮጵያ መንግሥት በተለወጠ ጊዜ እንደገና በእግራቸው ተሰደዱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በ1992 ኬንያ ገብተው በካኩማ ሰፈሩ።

እንግዲህ ዛሬ ሽማግሌ የሚባለው ፓርቲ ሲወለድ የወጣት ፓርቲ ነበር ማለት ነው። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው፥ ሽማግሌዎቹ ለወጣቱ «ገና ልጅ ነህ፤ ተራህን ጠብቅ» ባሉት ጊዜ፥ ወጣቱ የእነርሱን የራሳቸውን ታሪክ ጠቅሶ ሊመልስላቸው ስለሚችል ነው።

ንቅናቄው በጃንዩወሪ 2005 የሰላም ውል ተፈራርሞ መንግሥት ሆነ። በ2010 በአፕሪል ወር ምርጫ ተደረገ፤ ሳልቫ ኪርም 93 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝተው የደቡብ ሱዳን መንግሥት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በጃንዩወሪ 2011 ሕዝቡ ስለ ነፃነቱ ድምፅ ሲሰጥ ከመቶው ከ98 የሚበልጠው መለየትን መረጠ፤ በጁላይ 9 ቀን 2011ም ነፃነት ታወጀ። ከዚያ ወዲህ ግን የምርጫው ቀጠሮ በጦርነትና በሽግግር ምክንያት እየተላለፈ ሄደ። በ2024 በሴፕቴምበር ወር፥ በዚያው ዓመት መጨረሻ ይደረጋል የተባለው ምርጫ ወደ ዲሴምበር 2026 እንዲዛወር ተወሰነ።

መምህር ሒሳብ ይወዳልና ይህን ማስላት ተገቢ ነው። በ2011 ድምፅ ለመስጠት 18 ዓመት መሙላት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ በ2026 መጨረሻ ዕድሜው ከ33 ዓመት በታች የሆነ ዜጋ ሁሉ፥ በምርጫውም ሆነ በነፃነቱ ውሳኔ፥ በአገሩ ድምፅ የሰጠበት አንድም ቀን የለም። የአገሩ ሕዝብ አብዛኛው ከሠላሳ ዓመት በታች መሆኑ ደግሞ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው መራጭ ንቅናቄውን የሚያውቀው በነፃ አውጪነቱ አይደለም፤ በገዢነቱ ነው። አባቱ «ባንዲራ አመጡልን» ሲል፥ ልጁ «እንጀራውስ የት አለ?» ብሎ ይጠይቃል። በ2023ና በ2024 የመምህራንና የሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ለብዙ ወራት ሳይከፈል በቆየ ጊዜ፥ በ2024ም መጀመሪያ ነዳጁን በሱዳን በኩል ወደ ባሕር የሚያደርሰው ቧንቧ በጦርነቱ ምክንያት ተበላሽቶ የመንግሥቱ ገቢ በወደቀ ጊዜ፥ ጥያቄው ይበልጥ ከረረ።

ከዚህ ላይ «ሕዝበኛነት» የሚባለው ነገር ይወለዳል። ሕዝበኛነት ማለት አገርን በሁለት ከፍሎ፥ በአንድ ወገን ንጹሕና የተበደለ ሕዝብ፥ በሌላ ወገን የተበላሹ ጥቂት ሹማምንት አሉ ብሎ ማመን ነው። ይህ እምነት ሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ሙሉ እውነትም አይደለም። በደልን በግልጽ መናገሩ ኃይሉ ነው፤ ለበደሉ ሁሉ አንድ ጥፋተኛ፥ ለጥፋተኛውም አንድ መድኃኒት ብቻ መፈለጉ ደግሞ ድካሙ ነው።

እንዲህ ያለው መራጭ የቆየውን ፓርቲ በምን መንገድ ይለውጠዋል? የ2010 ምርጫ መልሱን አስቀድሞ አሳይቷል። በዚያ ጊዜ የንቅናቄው የፖለቲካ ቢሮ ዕጩዎችን ከላይ ሲመርጥ፥ ያልተመረጡ ብዙ አባላት በግል ተወዳደሩ። በምዕራብ ኢኳቶሪያ ጆሴፍ ባኮሶሮ በግላቸው ቀርበው የፓርቲውን ዕጩ ጄማ ኑኑ ኩምባን አሸነፉ፤ ከአሥሩ ክፍላተ ሀገርም በግል ተወዳድሮ አገረ ገዥ የሆነ ሌላ ሰው አልነበረም። ሕዝቡ በዚህ የነገረው ቃል አጭር ነበር፤ «ፓርቲውን አልጠላነውም፤ የላክህልንን ሰው ግን አልፈለግነውም» ማለት ነው። ፓርቲን ከውጭ ሆኖ ለማረም ከዚህ የሚሻል ጨዋ መንገድ አይገኝም። ነገር ግን እኒህ አገረ ገዥ በ2015 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ከሥልጣን ተነሡ። ሕዝብ በካርድ የሾመው ሰው በአንድ ወረቀት ሲሻር ያየ ወጣት ስለ ካርዱ ዋጋ ምን ሊያስብ እንደሚችል ለመምህራን መንገር አያስፈልግም።

በዚያው ምርጫ ሌላም መንገድ ታይቷል። በጆንግሌይ ለአገረ ገዥነት ተወዳድረው የተሸነፉት ጄኔራል ጆርጅ አቶር ጫካ ገቡ። በዚያው ክፍለ ሀገር ለምክር ቤት ተወዳድሮ ያልተሳካለት ዴቪድ ያው ያውም እንዲሁ ጠመንጃ አነሣ። አቶር በ2011 መጨረሻ ተገደሉ፤ ያው ያው ግን በ2014 ከመንግሥት ጋር ታርቆ ለፒቦር አካባቢ የተለየ አስተዳደር አስገኘ። በካርድ ያሸነፈው ሰው ሲሻር፥ በጥይት የጮኸው ሰው ደግሞ ሲሰማ፥ አገሩ ለልጆቹ ምን ዓይነት ትምህርት እያስተማረ ነው?

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን የ2013 ታሪክ ነው። በዲሴምበር ወር የንቅናቄው ከፍተኛ ምክር ቤት በጁባ በተሰበሰበ ጊዜ ካከራከሩት ጉዳዮች አንዱ፥ በፓርቲው ውስጥ ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነው ወይስ በምስጢር የሚለው ነበር። ነገሩ ሲሰማ ትንሽ ይመስላል። እጅ የሚያወጣ ሰው ግን አለቃው እያየው ነው፤ በምስጢር የሚመርጥ ሰው የሚያየው ኅሊናው ብቻ ነው። ከዚህ ክርክር በስተኋላ በፕሬዚዳንቱና በቀድሞው ምክትላቸው በሪክ ማቻር መካከል ያለው የሥልጣን ጠብ ነበረ። በዲሴምበር 15 ሌሊት በፕሬዚዳንቱ ዘብ ጦር መካከል ተኩስ ተከፈተ፤ ጠቡም የዘር መልክ ይዞ በየቤቱ ገባ፤ አያሌ ሺሕ ሰዎች በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ተጠለሉ። እስከ 2018 የሰላም ስምምነት ድረስ በቆየው ጦርነት ምክንያት ያለቀው ሕዝብ 400 ሺሕ እንደሚጠጋ ተገምቷል። በጉባኤ ሊፈታ የሚገባው የፓርቲ ጠብ መፍትሔ ባጣ ጊዜ፥ ዕዳውን የከፈለው በጉባኤው ያልነበረው ሕዝብ ነው።

የቆየ ፓርቲ ከውስጥ በወጣት ሊታደስ እንደሚችል ግን ሌላው የአፍሪካ ታሪክ ይመሰክራል። በደቡብ አፍሪካ በ1944 እነ አንቶን ሌምቤዴ፥ ዋልተር ሲሱሉ፥ ኦሊቨር ታምቦና ኔልሰን ማንዴላ በአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግሬስ ውስጥ የወጣቶች ሊግ አቋቋሙ። የማኅበሩ ሽማግሌዎች አቤቱታ ከመጻፍ አልፈው አይሄዱም የሚል ቅሬታ ነበራቸው። ወጣቶቹ ግን ቅሬታቸውን ወደ ጽሑፍ፥ ጽሑፉንም ወደ ጉባኤ አመጡት። በ1949 በብሉምፎንቴይን ጉባኤ የሥራ መርሐ ግብራቸው ጸደቀ፤ ፕሬዚዳንቱ ዶክተር ዙማ ወርደው ዶክተር ሞሮካ ተተኩ፤ ሲሱሉም ዋና ጸሐፊ ሆነ። አምስት ዓመት ፈጀባቸው፤ ፓርቲያቸው ግን አልፈረሰም። በዚያው ሊግ ከብዙ ዘመን በኋላ የተነሣው ጁሊየስ ማሌማ በበኩሉ በ2012 ከፓርቲው ተባረረ፤ በማግሥቱ ዓመት የራሱን ፓርቲ መሥርቶ በ2014 ምርጫ 25 መቀመጫ አገኘ። በር የተዘጋበት ወጣት ቅጥሩን ዘሎ ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ ከድምፁ የተወሰነውን ይዞ ይሄዳል።

ወጣቱም ቢሆን ከነቀፋ ነፃ አይደለም። በ2020ና በ2021 በቶሪትና በሌሎችም ከተሞች ወጣቶች «ሥራው ለአካባቢው ልጅ ይሰጥ» ብለው በርዳታ ድርጅቶች ላይ ተነሥተው ነበር። ሥራ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁጣው የወደቀው ለችግሩ መነሻ በሆነው ላይ ሳይሆን ለእጅ በቀረበው ላይ ነው፤ በተፈናቃዩ ላይ እህል የሚያካፍለው ድርጅት በር ሲዘጋ የሚራበው ሹሙ አይደለም። ሕዝበኛነት ሥርዓት ካላገኘ እንዲህ ሆኖ ይቀራል፤ ዛሬ በመጻተኛው ላይ፥ ነገ በጎረቤት ጎሳ ላይ ይዞራል።

እንግዲህ የሚያስፈልገው ቁጣውን ማጥፋት ሳይሆን መንገድ ማበጀት ነው። መንገዱም ለዚያ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ከጁባ በስተምሥራቅ በሚኖሩት በኦቱሆና በአጎራባቾቻቸው ዘንድ «ሞኞሚጂ» የሚባል ባህል አለ፤ ትርጓሜውም የመንደር አባቶች ማለት ነው። መንደሩን የሚጠብቅና የሚያስተዳድር አንድ ትውልድ ሃያ ዓመት ገደማ ከቆየ በኋላ፥ በታወቀ ሥርዓት ለተከታዩ ትውልድ ያስረክባል። የኦሮሞን የገዳ ሥርዓት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። በዚያ ባህል ወጣቱ ሽማግሌውን ይገፋል፤ ይወቅሳል፤ ሆኖም የርክክቡ ቀን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ ቤቱን አያቃጥልም። ሰው ተራውን በትዕግሥት የሚጠብቀው ተራ መኖሩን ሲያምን ነው።

ከዚህ ሁሉ ለመምህር የሚተርፈው ሥራ ምንድን ነው? የጁባም ሆነ የጋምቤላ ወይም የአዲስ አበባ ተማሪ፥ ምርጫን መጀመሪያ የሚያየው የክፍል አለቃ ሲመረጥ ነው። መምህሩ አለቃውን ራሱ ሾሞ ከተቀመጠ፥ ልጁ ሹመት ከላይ እንደሚወርድ ይማራል። እጅ አስወጥቶ ያስመረጠ እንደ ሆነ፥ ልጁ የጉልበተኛውን ፊት እያየ መምረጥን ይለምዳል። ወረቀት አድሎ፥ ቆጠራውን በሁሉ ፊት አድርጎ፥ ተሸናፊው ተነሥቶ አሸናፊውን እንዲጨብጥ ያደረገ መምህር ግን፥ አንድ ሕገ መንግሥት ሊሰጥ የማይችለውን ነገር ሰጥቷል። ቅሬታ ያለው ተማሪም ጠረጴዛ እንዳይመታ፥ ቅሬታውን ጽፎ እንዲያቀርብ፥ የትምህርት ቤቱም ሹም መልሱን በታወቀ ቀን እንዲሰጥ ማድረግ ይቻላል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለመምህርና ለሹም ግን ትንሽ ክብር መቀነስ የሚመስልበት ጊዜ ስላለ፥ ከገንዘብ ይልቅ ይከብዳል።

የጁባ ወጣት ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ሲደርስ፥ የቆየው ፓርቲ ሁለት ምርጫ ይኖረዋል፤ ልጁን ወደ ቡኾው ማስጠጋት፥ ወይም ማድቤቱን ቆልፎ መቀመጥ። ሽማግሌ በሩን ቢከፍት ሊጡ ጥቂት ይበላሽ ይሆናል። ቢቆልፈው ግን፥ በሩን ለመስበር የሚመጣው ልጅ ሊጡን ብቻ ሳይሆን ምድጃውንም ያፈርሰዋል።