ጡረታን በጊዜው ስለ መጠየቅ
(በከተማው አዳራሽ ለሕዝብ የተደረገ ንግግር)



ከመካከላችን ብዙዎቹ በአሜሪካ በሥራ ላይ ያሉ፥ ዕድሜያቸው ወደ ጡረታ የተጠጋ ዘመዶች አሏቸው። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ስለ እነርሱ ጡረታ ቢሆንም፥ ነገሩ ወደ እኛም ቤት የሚገባ ነው።

አጎቴ በዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ናቸው። 62 ዓመት በሞላቸው ጊዜ እኔው ራሴ፥ «ጡረታዎን ይቀበሉና የተጀመረው ቤት ይፈጸም» ብዬ ጻፍሁላቸው። እሳቸውም በቍጥር አስረድተው መለሱልኝ።

የአገሩ ሕግ እንዲህ ነው። ቢያንስ 10 ዓመት ያህል ሠርቶ መዋጮውን የከፈለ ሰው፥ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለውን የጡረታ አበል ከ62 ዓመቱ ጀምሮ ለመጠየቅ ይችላል። ነገር ግን በ1960 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ወይም ከዚያ ወዲህ ለተወለደ፥ ሙሉው የጡረታ ዕድሜ 67 ነው። በ67 ዓመቱ በወር 1,000 ዶላር የሚገባው ሰው በ62 ቢጀምር 700 ብቻ ያገኛል፤ እስከ 70 ቢታገሥ ግን 1,240 ይሆንለታል።

በሥራ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ሌላ ገደብ አለበት። ሙሉው ዕድሜ ሳይደርስ አበሉን እየተቀበለ ቢሠራና ደመወዙ ከተወሰነው ልክ ቢያልፍ፥ ከልኩ ባለፈው በየ2 ዶላሩ 1 ዶላር ከአበሉ ይያዝበታል። ልኩም በ2025 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 23,400 ዶላር ነበረ። በዚያ ዓመት 33,400 ዶላር ደመወዝ ያገኘ ሰው 5,000 ይያዝበታል፤ በወር 700 የተቈረጠለትም ቢሆን፥ ከዓመቱ 8,400 የሚደርሰው 3,400 ብቻ ነው። 67 ዓመት በሚሞላበት ዓመት ደንቡ ይላላል። ከሞላም በኋላ ገደቡ ይነሣል፤ አበሉ የተያዘባቸው ወራትም ታስበው ወርኀዊው ክፍያ ከፍ ይልለታል።

መዘግየት ለሁሉ ይበጃል ማለቴ አይደለም። ጤናው የታወከ፥ ወይም ሥራው ተቋርጦበት ሌላ መተዳደሪያ የሌለው ቀድሞ ቢጠይቅ አይነቀፍም፤ በ67 የጀመረ በጠቅላላው ድምር በ62 ከጀመረው የሚበልጠው ዕድሜው ወደ 79 ሲጠጋ ነውና። ባለትዳር ግን የሚስቱን ነገር ያስብ። ባል ታግሦ ያሳደገው አበል ለመበለቲቱ ይተርፋል፤ በችኮላ ያመጣው ጕድለትም እርሷን ይነካታል።

አጎቴም፥ «ቤቱ በኋላ ይደርሳል፤ እኔ ብሞት የባለቤቴ እንጀራ እንዲጐድል ግን አልሻም» ብለው ደብዳቤያቸውን ፈጸሙ። እኔም አፈርሁ።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። እንግዲህ ወገኖቼ፥ በባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶቻችንን አናስቸኵላቸው፤ ከገንዘባቸው አስቀድመን ጤናቸውን እንጠይቅ።