የጓሮዬ ጎመንና የስልኬ ካሜራ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንዲት አባላችን ያደረጉት ንግግር)



ስለ ቁጠባው ገንዘብ ያዣችን ተናግራለች፤ ስለ ብድሩም ጸሐፊያችን በደንብ አስረድታለች። ለእኔ የተሰጠኝ ርዕስ ከእነሱ ይቀላል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቁጠባ ከሰበሰብን በኋላ ቡና እስኪፈላ ድረስ ያነሳናቸውን ፎቶዎች እንተያያለን፤ ስለዚያች ሰዓት ተናገሪ ተብያለሁ። “ፎቶ ደግሞ ምን ይሠራል? እንጀራ አይሆን!” ያላችሁ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ እንጀራ አይሆንም። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው ነበር የምለው። እንዴት ሐሳቤን እንደቀየርኩ ልንገራችሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ እኔ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክሜ ሽሮ ሜዳ እያወረድኩ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። በዚያ ዘመን አንድ ቀን ቁልቁለቱን ስወርድ አንድ እንግዳ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ፎቶ አነሳኝ። አልጠየቀኝም፤ እኔም ጀርባዬ ላይ ሸክም ስለነበረ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። ከዓመታት በኋላ አንድ ቢሮ ለጉዳይ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ ጠረጴዛ ላይ የነበረ መጽሔት አነሳሁ። ውስጡ እኔ አለሁ። ጎንበስ ብዬ፣ ፊቴ ላብ ጠምቆት። ከሥሩ በፈረንጅ አፍ ተጽፏል። አጠገቤ የነበረችውን ልጅ “ምን ይላል?” አልኳት። “ተስፋ የሌላት እናት ይላል” አለችኝ።

እህቶቼ፣ ያንን ቀን አስታውሰዋለሁ። የለበስኩት ቀሚስ አዲስ ስለነበረ አይጠፋኝም። በዚያ ቀን ሸክሜን በጥሩ ዋጋ ሸጬ ለልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ገዝቻለሁ። ማታ ቤት ስገባ እየዘፈንኩ ነበር የገባሁት። ፎቶው ላይ ግን ጫማው የለም፣ ዘፈኑም የለም። ሸክሙ ብቻ ነው ያለው። ውሸት ነው አልልም፤ ሸክሙ የኔ ነው። ሙሉው እውነት ግን አይደለም።

ከዚያ በኋላ ካሜራ ያየሁ እንደሆነ ፊቴን በነጠላዬ እሸፍን ነበር። ብዙ ዓመት።

ታላቋ ልጄ ዓረብ አገር ሄደች። የምትሠራበት ቤት ከበር መውጣት የለም፤ ከመስኮቱ የሚታየውም የጎረቤት ግንብ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የቆየ ስልኳን በሰው እጅ ላከችልኝ። ስንነጋገር “እማዬ፣ የጓሮውን ጎመን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ” አለችኝ። እኔ ገንዘብ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። ጎመን! በአሮጌ ጎማና በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ የተከልኩትን ጎመን። “ምን ያደርግልሻል?” ብላት “አረንጓዴ ነገር ካየሁ ቆየሁ” አለችኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ወጣሁ። ጤዛ ነበረ። ታናሹ ልጄ እንዳሳየኝ አድርጌ ተጫንኩት። የመጀመሪያው ፎቶ የእግሬ ጣት ሆነ፤ ሁለተኛው ጨለመ። አሥራ አንደኛው ላይ ቅጠሉ ከነጤዛው ታየ። ላክሁላት። መልሷ በድምፅ መጣ፤ ቃል የለውም፣ ስታለቅስ ብቻ ነው የሚሰማው። በማግስቱ ደግሞ “ነገ ጤና አዳሙን” አለችኝ። ከነገ ወዲያ በሶብላውን፣ ከዚያ ዶሮዋን፣ ከዚያ ደጃፋችን ያለውን ግራዋ። እንግዲህ እኔ ፎቶ አንሺ የሆንኩት በዚህ መንገድ ነው።

በአገራችን ፎቶ ማንሳት የቤተ መንግሥት ሥራ የነበረበት ዘመን ነበር። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ለአፄ ምኒልክ ያነሳ ነበር፤ ልጁ ቶኒም ለአፄ ኃይለ ሥላሴ አንስቷል። እናቶቻችን በሕይወታቸው አንዴ ቢነሱ ፎቶ ቤት ሄደው፣ ከተሳለ መጋረጃ ፊት ቀጥ ብለው ቆመው፣ ሳይስቁ ነው። በ2010 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አይዳ ሙሉነህ የምትባል ፎቶ አንሺ አዲስ አበባ ላይ ትልቅ የፎቶግራፍ ፌስቲቫል ጀመረች፤ ሴት ልጅ የጀመረችው መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። እኛ እዚያ ደረጃ አይደለንም፤ ነን ብለንም አናውቅም። እኛ ጓሯችንን፣ ስፌታችንን፣ ጥልፋችንን ነው የምናነሳው።

ለማንሳት ለምትፈልጉ ከስህተቴ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ከማንሳታችሁ በፊት የካሜራዋን ዓይን ጥረጉ። እኛ ወጥ ቤት የምንውል ሰዎች ነን፤ ዘይትና ጢስ ይይዛታል። የኔ ፎቶ ሁሉ ጉም የለበሰ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሽሮ ቁሌት ነው! በንጹሕና ደረቅ የነጠላ ጫፍ ቀስ ብሎ መጥረግ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ሰዓቱን ምረጡ። የኛ አገር ፀሐይ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ከአናት ነው የምትወርደው፤ አበባውን ታነጣዋለች፣ የሰው ዓይን ሥር ደግሞ ጥላ ትጥላለች። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፤ የቅጠሉ ሥር ሁሉ ይታያል። ደመና ቢኖር አትዘኑ፤ ለአበባ ደመና ጥሩ ነው።

ሦስተኛ፣ በጣት እየጎተታችሁ አታቅርቡት፤ ይፈዛል። በእግራችሁ ቅረቡ፤ ካስፈለገም ቁጭ በሉ። ጎመንን ከላይ ቆማችሁ ካያችሁት ጎመን ነው፤ ጎንበስ ብላችሁ ከጎኑ ካያችሁት ጫካ ይመስላል። ክንዳችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ፣ ትንፋሽ ያዙ፣ ከዚያ ተጫኑ። ጥርት ብሎ እንዲታይ የምትፈልጉትንም ነገር መጀመሪያ መስታወቱ ላይ በጣታችሁ ነካ አድርጉት።

አራተኛ፣ ከኋላ ያለውን እዩ። አንዷ እህታችን ሦስት ወር የለፋችበትን መሶብ አነሳችና ከኋላው የተሰቀለ የልጅ ሱሪ ነበር። ሁላችንም ያየነው ሱሪውን ነው።

ማንሳት ከጀመርን ወዲህ የማናየውን ማየት ጀምረናል። እንጦጦን ሃያ ዓመት ወጥቼ ወርጄ ከባሕር ዛፍ ሌላ አላየሁም ነበር፤ ዓይኔ መሬት ላይ ነበረ። አሁን ጽዱን ከኮሶው ለይቼ አነሳለሁ። ያ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ መንቁሩ ወፍራም የሆነው ቁራ በዓለም ላይ በኛና በኤርትራ አካባቢ ብቻ እንደሚኖር የነገረችን የአንዷ አባላችን ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ነው የምትማረው። እኛ ስናባርረው ነው የኖርነው! ሌላም ነገር ነገረችን። ክረምት ላይ ደምቀው አይተናቸው ከመስቀል በኋላ የት ገቡ የምንላቸው አንዳንድ ወፎች የትም አልሄዱም፤ ወንዶቹ የመራቢያ ጊዜ ላባቸውን ጥለው እንደ ሴቶቹ ቡናማ ስለሚሆኑ ነው የማንለያቸው። መስከረም ላይ በአደይ አበባ መሃል አንዱን አንስቼ ኅዳር ላይ እዚያው ቦታ ሄድኩ። ድንቢጥ የሚመስል ወፍ አገኘሁ። እሱ ይሁን ሌላ አላውቅም፤ ግን ከዚያ ወዲህ የደበዘዘ ወፍ ንቄ አላልፍም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልመለስ። ይህን ሳልናገር ብወርድ ንግግሬ እንደዚያ መጽሔት ፎቶ ግማሽ ይሆናል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጎረቤቴ እማማ ከጤና አዳማቸው ሥር ሰሌን ላይ ተኝተው አየኋቸው። ፀሐዩ በቅጠሉ መሃል ፊታቸው ላይ ወርዷል፤ ነጠላቸው ተገልጦ ባዶ እግራቸው ይታያል፤ አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል። በጣም ያምር ነበር። አነሳሁ። በስብሰባችን ላይ አሳየሁ። አንዷ “እማማ ሲያንኮራፉ!” አለች፣ ሁላችንም ሳቅን። ወሬው ከኔ ቀድሞ እሳቸው ዘንድ ደረሰ።

በማግስቱ ሄድኩ። ቡና እያፈሉ ነበር፤ “ግቢ” አላሉኝም። ከእሳቱ ቀና ሳይሉ “አንቺም?” አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔ ስለዚያ መጽሔት ስነግራቸው አብረውኝ አልቅሰው የነበሩ ሴት ናቸው።

እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ፎቶውን ፊታቸው አጠፋሁት። እንደዚያም ሆኖ ሁለት ሳምንት ደጃቸውን አላስረገጡኝም። በሦስተኛው ሳምንት ራሳቸው ጠሩኝ። የሐበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ ጤና አዳሙን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። “አሁን አንሺኝ፤ እኔ ስነቃ” አሉኝ። ያንን ፎቶ ፎቶ ቤት አሳትሜ ሰጠኋቸው፤ ግድግዳቸው ላይ ተሰቅሏል። እዚህ ጉባኤ ላይ እንድናገረውም የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው። “የራስሽንም ጥፋት ካልነገርሽ አትናገሪ” ብለውኛል።

ከዚያ ወዲህ በቡድናችን ሕግ አወጣን። ሰው ከማንሳት በፊት እንጠይቃለን። ያነሳነውን መጀመሪያ ለተነሳው ሰው እናሳያለን። “አጥፊው” ካለ እናጠፋለን፤ ለምን አንልም። ለሌላ የምናሳየው ሲፈቅድ ብቻ ነው። ስንችል አንድ ቅጂ አሳትመን እንሰጣለን። የልጅ ከሆነ እናትን እንጠይቃለን፤ ልጁንም እንጠይቃለን።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ እናንተን ካሜራ ግዙልን አልልም፤ ያለን ስልክ ይበቃናል። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ስለ እኛ ለሌሎች ስታሳውቁ ከምናነሳቸው ፎቶዎች እኛ የመረጥናቸውን ውሰዱ፤ ከሥሩም የሚጻፈውን እኛን ጠይቁ። ችግራችንን ደብቁ ማለቴ አይደለም። ችግር አለብን፤ ባይኖርብን እዚህ አንሰበሰብም ነበር። ሸክሙን ስታሳዩ ግን ጫማውንም አሳዩ ነው የምለው።

እህቶቼ፣ ፎቶ እንጀራ አይሆንም ያላችሁት አሁንም ልክ ነው። ልጄ ግን ባለፈው ሳምንት “እማዬ፣ ስመለስ ጓሮውን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ” አለችኝ። ኮንትራቷ ሊያልቅ ሰባት ወር ቀርቶታል። እስከዚያ በየጠዋቱ አንድ ፎቶ እልክላታለሁ። ዛሬ ጠዋት የላክሁላት የሎሚውን የመጀመሪያ አበባ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ስትመጡ እናንተም አንድ አንድ ይዛችሁ ኑ። ስልክ የሌላት ከእኔ ጋር ትቀመጥ፤ በኔ ታነሳለች።