80 እና 82

በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ በአንድ የእርሻ ምህንድስና ተመራቂ የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሥራ ዓለም ልምድህ አንድ ነገር አካፍለን» ሲለኝ ስለ ትልልቅ ፕሮጀክቶች የማወራ መስሎት ይሆናል። እኔ ግን የማወራው ዛሬ ጠዋት ከመሣሪያ ሼዱ ጀርባ ቆመው ስላየኋቸው ሦስት አሮጌ ትራክተሮች ነው። አንዷ ማሴ ፈርጉሰን 35 ናት፤ ሁለቱ ቤላሩሶች ናቸው። ከቤላሩሶቹ አንዱ «ሁለቱም ያው ናቸው» ተብሎ ሊወገድ መሆኑንም ሰማሁ። ያው አይደሉም። እኔ ራሴ ልዩነታቸውን የማውቅ መስሎኝ ሰው በድያለሁ።

አስቀድሜ ከማሴዋ ልጀምር፤ አብዛኞቻችን መንዳት የተማርነው በእሷ ነውና። ይህቺ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ገበያ ላይ ስትወጣ በሁለት ደረጃ ትሸጥ ነበር፤ መደበኛዋና ዴሉክሷ። ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንትዮች ናቸው። ዋናው ልዩነት ያለው እግር ሥር ነው። የመደበኛዋ ፍሪሲዮን ነጠላ ስለሆነ ፔዳሉን ስትረግጡት ትራክተሯ ትቆማለች፤ ከኋላ ለተቀጠለው ማሽን ኃይል የሚሰጠው ዘንግ፣ ማለትም ፒቲኦው፣ አብሯት ይቆማል። የዴሉክሷ ፍሪሲዮን ግን ድርብ ነው። ፔዳሉን እስከ ግማሽ ብትረግጡት ጉዞው ብቻ ይቋረጣል፣ ማሽኑ መሽከርከሩን ይቀጥላል፤ እስከ መጨረሻ ብትረግጡት ሁለቱም ይቆማሉ።

ድርቆሽ የሚያስር ማሽን ጎትቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አለመሆኑን ያውቃል። ሣሩ ሲበዛበት ባለ ዴሉክሱ ግማሽ ይረግጥና ማሽኑ የጎረሰውን እስኪውጥ ይጠብቃል። ባለ መደበኛዋ ፔዳሉን ሲረግጥ ማሽኑ ሣሩን አፉ ውስጥ እንደያዘ ቀጥ ይልበታል። በዴሉክሷ ዳሽቦርድ ላይ የሞተሩን ዙርና የሠራችበትን ሰዓት የሚያሳይ ጌጅም አለ። ዴሉክስ የሚለው ስም ለእኛ የምቾት ይመስለን ነበር። ቁም ነገሩ ግን ፔዳሉ ነው።

አሁን ወደ ቤላሩሶቹ ልምጣ። ሁለቱም የሚንስክ ፋብሪካ ሥራ ናቸው። 80 ማምረት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ሁለቱም ባለ አራት ሲሊንደር፣ 4.75 ሊትር፣ ወደ 80 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ አንድ ዓይነት ሞተር አላቸው። ካምቢዮውም ያው ነው፤ 18 ወደፊት፣ 4 ወደኋላ። በዚህ ፋብሪካ አሰያየም መጨረሻ ላይ ያለችው 2 የምትነግራችሁ አንድ ነገር ነው፤ የፊት ጎማዎቹም ኃይል አላቸው። ከዚያ በፊት የነበሩት 50 እና 52ም በዚሁ ይለያሉ። 82 በዚህ የተነሳ ወደ 200 ኪሎ ገደማ ይከብዳል፤ የፊት ጎማዎቹም ተለቅ ያሉና ጥርሳቸው አፈር የሚቆነጥጥ ነው።

በ1974 ዓ.ም. ተመርቄ ባሌ ውስጥ አንድ የመንግሥት እርሻ ላይ የመሣሪያ ኃላፊ ሆንኩ። ዕድሜዬ 23 ነበር። በሐምሌ ዝናብ መረሬው መሬት ላይ አንድ 82 እስከ ሆዱ ሰመጠ። ሄጄ ሳይ የፊት ጎማው ማርሽ አልገባም። ተናደድኩ። «ይሄ ሁሉ የውጭ ምንዛሪ የወጣበት ለጌጥ ነው እንዴ?» አልኩና የ82ቶቹ የፊት ማርሽ በማንኛውም ጊዜ ገብቶ እንዲቆይ በጽሑፍ አዘዝኩ።

ከኦፕሬተሮቹ አንዱ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ ነበር የምላቸው። በማግስቱ ቢሮ መጡና ኮፍያቸውን አውልቀው «ጓድ ኢንጂነር፣ ይቺ እጀታ እኮ ሁልጊዜ አትገባም። ደረቅ መንገድ ላይ ጎማ ትበላለች» አሉኝ። እኔም «ጋሼ፣ ትእዛዙን ይፈጽሙ» አልኳቸው። ፈጸሙ።

ታኅሣሥ ላይ አጨዳው ደረሰ። 82ቶቹ ስንዴ በተሳቢ ጭነው በጠጠሩ መንገድ ወደ መጋዘን ሲመላለሱ ከረሙ። በየካቲት የፊት ጎማዎቹ ተላጩ። አለቆቼ ምክንያቱን ጠየቁኝ። በጋሼ ትራክተር ላይ «በኦፕሬተሩ ቸልተኝነት» ብዬ ጻፍኩ። ከደመወዛቸው ተቆረጠ።

የመመሪያ መጽሐፉን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። እጀታዋ ሦስት ቦታ አላት። በአንዱ የፊት ጎማዎቹ ከኃይል ነፃ ናቸው። በሁለተኛው ትራክተሩ ራሱ ይወስናል፤ የኋላ ጎማዎቹ መንሸራተት ሲጀምሩ የፊቶቹ ኃይል ያገኛሉ፣ መንሸራተቱ ሲያቆም ይለቀቃሉ። ብስክሌት ቁልቁል ስትወርዱ ፔዳሉ ቆሞ ጎማው ብቻውን እንደሚሽከረከረው ማለት ነው። በሦስተኛው ግን በግድ ይታሰራል። የፊት ጎማዎቹ የሚነዱበት ፍጥነት ሆን ተብሎ ከኋላዎቹ ትንሽ ዝቅ ተደርጓል። ጭቃ ላይ ልዩነቱን አፈሩ ይችለዋል። ደረቅ መንገድ ላይ ግን በግድ ካሰራችሁት የኋላ ጎማ እየገፋ የፊቱ እየጎተተ ይፋተጋሉ፤ የሚያልቀው ጎማውና የፊቱ ጥርሳ ጥርስ ነው። ሦስተኛው ቦታ የተሠራው ለአጭር ጊዜ፣ ለከባድ ቦታና ወደኋላ ለመውጣት ነው፤ ወደኋላ ሲኬድ አውቶማቲኩ አይዝምና።

ጋሼ ያን ሁሉ ያውቁ ነበር፤ ያውም ሳያነቡ። እኔ አንብቤ ካወቅሁ በኋላም ሪፖርቱን አላስተካከልኩም። አፈርኩ፤ ከዚያ ዝውውር መጣልኝ፣ ሄድኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጡረታ ወጥተው ወደሚኖሩበት ከተማ ሄጄ አገኘኋቸው። ቡና ተፈላ። የተቆረጠባቸውን ብር በፖስታ አድርጌ ይዤ ነበር። እጃቸውን አልዘረጉም። «ብሩንስ ረስቼዋለሁ ልጄ። ቸልተኛ ያልከኝን ግን አልረሳሁም። ያቺን ወረቀት አስተካከልካት?» አሉኝ። ወረቀቷን ፈልጌ ነበር፤ እርሻው ፈርሶ መዝገቡ የት እንደገባ የሚነግረኝ አላገኘሁም። እንዲያው «አልተገኘችም» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቡናዬን ሞሉልኝ። አሁን በሕይወት የሉም።

ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ የዓመት መጽሐፍ ቢያንስ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይቀመጣል። ጎማዎቹን የጨረሰው የእኔ ትእዛዝ ነው። ኦፕሬተሩ ቸልተኛ አልነበሩም፤ አስቀድመው አስጠንቅቀውኛል።

ለመምህራኑ አንድ ልመና አለኝ። 80ውንም 82ቱንም አትሸጧቸው። ጎን ለጎን ይቁሙ። ተማሪው መጀመሪያ ሁለቱንም በክረምት ጭቃ ላይ ይንዳቸው፤ 80ው ሲሰምጥ ይይ፣ 82ቱ ሲወጣ ይይ። ከዚያ በበጋ ደረቁ መንገድ ላይ ያውጣቸውና ቀላሉ፣ ርካሹ፣ በጠባብ ቦታ የሚዞረው 80 ለምን በቂ እንደሆነ ይጠየቅ። ከጎኑም አንድ የቆየ ኦፕሬተር ይቀመጥ፤ አበልም ይከፈለው። ለመጀመሪያው ዓመት የሚሆነውን አበል እኔ እሸፍናለሁ፤ ያ ፖስታ እስካሁን እኔ ዘንድ ነው፣ ጨምሬበታለሁ።